ወፍጮው ላይ የተቀመጥኩ ዕለት

እኔ ባህሩ፣ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚስቴ ካረፈች በኋላ ከስፌት መኪናዬ በቀር የማወራው ሰው አልነበረኝም። አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ሰብሌ ጉርድ ልታሳጥር መጣች። ጉርዷን ደጋግሜ አበላሸሁት። ተመልሳ እንድትመጣ ሆን ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ልቤ ስፌቱ ላይ ስላልነበረ ነው።

ሰብሌም እንደኔው የትዳር ጓደኛዋን በሞት ያጣች ናት። ማንበብ ትወዳለች ሲሉ ሰማሁና በአንድ ሳምንት የታሪክ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

"እዚያ አምባው ላይ፣ በድሮው መስፍን ግንብ ውስጥ፣ ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ጥንታዊ ዕቃዎች አሉ። ላስጎበኝዎት?" አልኳት። እኔ ራሴ ወጥቼ አላውቅም።

"ዳገቱ አይከብድዎትም?"

"ዕድሜ ልኩን መኪና የረገጠ እግር እኮ ነው!"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ከእሷ ጋር ተነሳሁ። ሰብሌ ነጠላዋን አሸርጣ ፊት ፊት ትወጣለች። እኔ እየቆምኩ "ይቺን ገደል ይመልከቱማ!" እላለሁ። ትንፋሼን እስክሰበስብ ያላሳየኋት ገደል የለም።

ግንቡ ውስጥ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ጠባቂዋ ቦጋለች ስለ ገንቦውና ስለ ዶቃው ለሰብሌ ስታስረዳ፣ እኔ ጥግ ላይ ለጥ ያለ ድንጋይ አየሁና ዘፍ አልኩበት።

"ኧረ ጋሼ ይነሱ! የጥንት ሰዎች ወፍጮ እኮ ነው!" ብላ ጮኸች ቦጋለች። ለካ "አይነካም" የሚለው ጽሑፍ ከመቀመጫዬ ስር ኖሯል።

ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። በሁለት እጄ ብገፋም ወይ ፍንክች! ይሄኔ ከአቀስታ የመጡ ተማሪዎች እየተጋፉ ገቡ። ከፊት ያለችው ልጅ አፍጥጣ አየችኝና ወደ ቦጋለች ዞራ፣ "ይሄስ የየትኛው ዘመን ነው?" አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ስልኮች ወጡ። መነሳቴ ካልቀረ ብዬ የኮቴን አንገት አስተካከልኩ፤ መነሳቴ ስል ፎቶውን ነው፣ ከድንጋዩማ ማን አስነስቶኝ!

ሰብሌ ግን ጠጋ ብላ በብብቴ ስር ገባችና፣ "አብሽር፣ ክንዴን ያዝ" አለችኝ። "አንተ" ማለቷን ያስተዋልኩት ከቆምኩ በኋላ ነው።

ውጭ የግንቡን ጥላ ይዘን እንደተቀመጥን አፍና የቆየችውን ሳቅ ለቀቀችው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ጉልበቴን ያመኛል አትልም ነበር?"

"ታሪክ የምትወድ ሴት ፊት..."

"ማነው ታሪክ ትወዳለች ያለህ? እኔ የማነበው የፍቅር ልቦለድ ነው!"

ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። አለኸኝ የሚባለው ወንድሟ፣ "ለመሆኑ ከዚህ ሰውዬ ምን አይተሽበት ነው?" ቢላት፣ "ሲስቁበት አይቆጣም" አለችው አሉ። እኔ እንኳ የሆነ ሌላ ሙያ ትጠቅስልኛለች ብዬ ነበር።