ኩድራና ጉበት

ምራቴ ኩድራ የሚሉትን የቆላ ጎመን ስትቀቅል ሽታው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ዛሬም ልጇን «ካልበላህ ትታመማለህ» እያለች ስታስፈራራው ሰማሁ።

እኔንም እናቴ መተማ ላይ በዚሁ ቅጠል ታስፈራራኝ ነበር። ጣሊያን ሲገባ አባቴ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ቀርቷል። ቤታችን ከማሽላ እንጀራና ከኩድራ ሌላ የሚበላ አልነበረም። ኩድራው ዝልግልግ ስለሆነ እጠላው ነበር።

«ካልበላሽ ዳፍንት ይይዝሻል፤ ሲመሽ አታዪም» ትለኛለች።

የጎረቤታችን ልጅ ግን ዳፍንት ሲይዘው የፍየል ጉበት ተጠብሶለት ሲበላ አይቻለሁ። ስለዚህ ኩድራዬን በየቀኑ ጓሮ እደፋ ጀመር። አንድ ቀን እናቴ ስደፋ ደረሰችብኝ።

«ዳፍንት እንዲይዘኝ ነው፤ ጉበት እንድትሰጪኝ» አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ ባዶውን ጣባ ከእጄ ወስዳ ገባች። በማግስቱ ጣባውን አቀረበችልኝና «ኩድራ የምትበላ ልጅ ሲመሽም አርቃ ታያለች። አባትሽ ከድንበሩ ማዶ በጋላባት በኩል ሲመጣ ቀድመሽ የምታዪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቀጥላ ቀስ ብላ «እኔስ ማየቱ ታከተኝ» አለች። እሷንም ዳፍንት የያዛት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጣባውን ጠርጌ እበላ ነበር። ፀሐይ ስትገባ ደጅ ቆሜ የጋላባትን መንገድ አያለሁ። ዓይኔ ጥሩ ነበር። መንገዱ ላይ ማንም እንደሌለ በየቀኑ ጥርት አድርጌ አይ ነበር።

«እርስዎንስ ልጅ ሳሉ ምን እያሉ ነበር የሚያበሉዎ?» አለችኝ ምራቴ።

«ዝም ብለሽ ብላ በይው» አልኳት።