በእታገኝ ስም የሚሞክረው ሌባ

በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ መንዝ፣ ራቤል ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን የሆነ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ከሆንኩማ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፈንጠር ይላል።

የሁላችንም ሥራ የሚቀመጥበት አንድ ዋና ኮምፒዩተር ነበረን። ከጀርባ ሆኖ ሳይታይ የሚሠራ ፕሮግራም አለው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን የይለፍ ቃል ተሳስቶ ተመለሰ፣ ሁሉንም ይመዘግባል። መዝገቡ ከሞላ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከእኔ በቀር ማንንም አላስገባም ይላል። የእኔ ሥራ መዝገቡን መመርመር፣ ቅጂውን ማስቀመጥና ማጽዳት ነበር። እውነቱን ለመናገር ለወራት አንድም የሚመረመር ነገር አልነበረውም። ራቤል ላይ ማን ምን ሊሰርቅ!

ክረምት ሲገባ ግን ጉድ ፈላ። ጠዋት መዝገቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ይጠብቀኛል፤ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ በር ላይ ቆሟል። ከፍቼ ሳየው አንድ ሰው ያለ ይለፍ ቃል፣ ሳይታክተው፣ ለመግባት ይሞክራል። የተመዘገበው ስም የጸሐፊያችን የእታገኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ በደስታ ልፈነዳ ነበር። ኮሌጅ ስለ እሱ የተማርኩት ሰርጎ ገብ ራቤል ድረስ መጣልኝ ብዬ!

እታገኝ ግን አለቀሰች። ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው በዚያ ሥራ ነው። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆኖም ምስጢር ሲባል ይደነግጣሉ። ሠራተኛውን ሰብስበው፣ እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ካልተገኘ ከሥራ እንደሚያግዷት ተናገሩ።

“ማሽኑ ስሟን ጠርቷል፤ እኔ ምን ላድርግ?” አሉኝ።

ከራሴ ኮምፒዩተር ሆኜ የዋናውን መዝገብ በገመድ ማየት እንድችል አደረግሁ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ሌላው ሠራተኛ ሳይገባ፣ እታገኝን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ጥቂት እንደቆየን ስክሪኔ ላይ የመዝገቡ መስመሮች ይንዠቀዠቁ ጀመር። እታገኝ፣ እታገኝ፣ እታገኝ። እሷ እኮ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ እያየችው ነው! ተያየንና እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ማሽኑ ክፍል በረርን።

በሩን በርግደን ስንገባ ያገኘነው አቶ ደምሴን ነው። ወደ ጓሳ በኩል ካለው ቤታቸው በፈረስ ሲመጡ ደርበውት የበሰበሰውን ባናቸውን ዋናው ኮምፒዩተር ላይ አስጥተው እጃቸውን ያሟሙቃሉ። ማሽኑ ሌሊትም ስለማይጠፋ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ባና ደረቁ እንኳ ከባድ ነው፤ ሲረጥብማ አይጣል። ጫፉ ኪቦርዱ ላይ ተዘርፍጦ “ኢንተር” የሚለውን የመግቢያ ቁልፍ ተጭኖታል። ስክሪኑ ላይ የሚቀረው መጨረሻ የሠራው ሰው ስም ነው፤ ማታ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትወጣው ደግሞ እታገኝ።

“ምነው፣ ሌባው መጣ እንዴ?” አሉን።

“መጥቷል ጋሼ፤ እያሞቁት ነው” አልኳቸው።

እታገኝን ወደ ክፍሌ መልሼ ባናውን ከፍ አደረግሁት። ከወዲያ “ቆመ” አለች። ለቀቅሁት፤ “ጀመረ” አለች። አቶ ደምሴ ባናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድላቸው ሠራተኛውን ሁሉ አስጠሩ። እታገኝን ከመሀል አቁመው፣ “ልጄ፣ ስምሽን ያነሳሁት ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅሽ ሰው ፊት ነው” አሏት። ክረምቱ እስኪወጣ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዋ ፊት ቆመው ባናቸውን በእጇ ያስረክቧት ነበር፤ “ተጠርጣሪው ይኸው፣ አደራ” እያሉ።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እውነተኛ ሰርጎ ገብም ገጥሞኛል። እንደዚያ ጠዋት ግን በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እታገኝ አሁንም እዚያው ናት። ስንደዋወል ሰላምታ ሳንጨርስ ሳቅ ይቀድመናል።