ነጯ አበባና አራቱ ችካሎች

በማስተር ፕላኑ ሰሞን የእኔ ጭንቀት አበባ ነበር። ሲናገሩት ያሳፍራል። አዲስ አበባ የገበሬውን መሬት ልትወስድ ነው ተብሎ ቡራዩና ሰበታ መንገድ ተዘግቶ ጎማ ሲቃጠል፣ እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ጥፍር የማታህል ነጭ አበባ አማካሪዬ ፊት ዘርግቼ «አስር የአበባ ቅጠል አላት» እላለሁ። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «አስር አይደለም። ተመልሰሽ በደንብ እዪ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ስንት እንዳለም ቆጥረሽ ነይ» አሉኝ። ተናደድኩ። መቁጠር የማልችል መሰልኳቸው እንዴ?

ታክሲ ሥራ የጀመረበትን ቀን ጠብቄ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወረድኩ። ኅዳር ነበር፤ ሳር የሚታጨድበት ወር። አበባዋን ረግረጉ ዳር አገኘኋትና አራት ችካል ተክዬ በሲባጎ አንድ ካሬ ሜትር ከለልኩ። ሳሩ ውስጥ እንዳይጠፉብኝ የችካሎቹን ጫፍ ቤቴ ሳለሁ ቀይ ቀለም ቀብቻቸው ነበር። በዚያ ሰሞን፣ በሰው መሬት ላይ፣ ልክ እንደ መሬት ቀያሾች ጫፉ የቀላ ችካል! አእምሮዬን የት ጥዬው እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሆዴ ተኝቼ በአጉሊ መነጽር አየኋት። አስር የመሰሉኝ የአበባ ቅጠሎች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እስከ ሥራቸው ድረስ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። ግንዷ ላይ ደግሞ ፀጉር አለ፤ ግን በአንድ ጎኗ ብቻ፣ በቀጭን መስመር። መስመሩ አንጓ ላይ ሲደርስ ጎን ይቀይርና በሌላው በኩል ይቀጥላል። በአበባ እርሻዎቹ ላስቲክ ቤት የሚያድገው የካርኔሽን ዘመድ ናት። እሱ በአውሮፕላን ውጭ አገር ይሄዳል፣ እሷን ላም ትረግጣታለች። ማን እንዲያያት ነው እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራችው? እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ።

«ተነሺ!»

ማጭድ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶቻቸው ቆመዋል። «አካም ጂርቱ፣ አባባ» አልኳቸው። ሰላምታዬን አልመለሱም።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ።» ይህን ብዬ ነገሩን አባስኩት።

«ኤዬ፣ ፕላኑንም ያወጡት የተማሩት ናቸው። ላፋ ኮ፣ መሬቴ ነው፤ አባቴ ያጨደበት ነው። ማዶ ያሉት ችካል ሲተከል ዝም አሉ፤ ዛሬ በገዛ መሬታቸው ዘበኛ ሆነዋል።»

«መሬት አይደለም የምለካው፣ አባባ። ይቺን ነው» ብዬ አጉሊ መነጽሩን ዘረጋሁላቸው። ጎረቤቶቻቸው ሳቁብኝ። እሳቸው ግን ማጭዳቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩ።

«ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ…» እያሉ ቆጠሩ። «አስር ናት።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተመለስኩት። የአበባ ቅጠሎቹን ሥር ይዩት እስቲ።»

መነጽሩን አስጠግተው አዩ። ድንገት «የላም ኮቴ!» አሉ። «አንዱ ነው ለሁለት የተከፈለው። አምስት ናት!» ከዚያ ግንዷን በጣታቸው ቀስ አድርገው እያዞሩ የፀጉሩን መስመር ከአንጓ አንጓ ተከተሉት። «ያ ዋቃ! ስልሳ ዓመት ሙሉ በማጭድ ስጨርሳት ኖርኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ጎረቤቶቻቸውም ተራ ጠየቁ።

ሽማግሌው ሲነሱ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ይሄ መሬቴ ላይ አያድርም» አሉና ራሳቸው አራት ድንጋይ አምጥተው ሲባጎውን ጥግ ጥጉን ያዙልኝ። ቆጠራዬን ጨረስኩ።

አበባዋን እንድትደርቅ በጋዜጣ መሀል ካስቀመጥኩ በኋላ አብሯት የሚሄደውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ እርጥብ የሳር ሜዳ፣ ቀኑ።

«የማን መሬት እንደሆነስ?»

«እሱ አይጻፍም፣ አባባ።»

«ወረቀቱ ስንት ዓመት ይቆያል?»

«ብል ካላገኘው መቶ ዓመት። ከዚያም በላይ።»

«እንግዲያ ጻፊ» አሉኝ። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ነገሩኝ። ጻፍኩ።

አማካሪዬ አበባዋን አይተው «አሁን ገና አየሽ» አሉ። የሰውየውን ስም ግን ከጽሑፉ አውጪው አሉኝ። አላወጣሁም።

ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ውስጡ መጋዘን ቆሟል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ያን ቀን ተራ ጠብቆ በመነጽሬ ያየው የሽማግሌው ጎረቤት ነበር። ስለ እሳቸው ስጠይቀው «አረፉ» አለኝ።

በማግስቱ የደረቁ ተክሎች ወደሚቀመጡበት ክፍል ሄጄ ወረቀቱን አወጣሁት። አበባዋ ቡናማ ሆናለች፤ አምስቱ ቅጠሎቿ ግን እንደተሰነጠቁ አሉ። ከሥሯ በእጄ ጽሑፍ «እርጥብ የሳር ሜዳ፣ የኦቦ እገሌ መሬት» ይላል፤ እገሌ ባልኩበት ቦታ ስማቸው ከነአያታቸው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።