ከሁለቱ አንዷ

በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል «እቴ ካውያ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የበሽተኛ አንሶላና የሐኪም ጋዋን ስትተኩስ የኖረች፣ ከእንፋሎቱ ብዛት ፊቷ ክረምት ከበጋ የሚያልባት ሴት ናት። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ቃጠሎ ስለለመደ የፈላ ብርጭቆ ብትይዝበት አይሰማትም። ወሬ አትወድም፤ በቀልድ ግን የሚደርስባት የለም። ወጣቶቹ ሐኪሞች ጋዋናቸውን ሊወስዱ ብቅ ሲሉ፣ ኮሌታቸውን የምታቀናው እሷ፣ ደረታቸውን የሚነፉት ግን እነሱ መሆናቸውን ሳትነግራቸው አትለቃቸውም።

ቤቷ ስትገባ ቀልዱ በሩ ላይ ይቀራል። ታናሽ ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ገና ተሳፋሪ ሳይገባ፣ ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። ሰው ሊጣራ አፉን ቢከፍት ምላሱም እምቢ አለው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎኑ የሱ አይደለም፤ ንግግሩም ከሁለትና ከሦስት ቃል አያልፍም። ሚስት ስላላገባ መሄጃው እህቱ ቤት ሆነ። እሷም ባሏን ከቀበረች፣ ልጇንም ድራ ከሸኘች ቆይታለችና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሁለት ክፍል ቤት ተካፈሉት።

ያልሞከረችለት ነገር የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ደግፋ ፊዚዮቴራፒ አመላልሳዋለች። የጎማ ኳስ እንዲጨብጥ፣ ፊደል እየጠራ ምላሱን እንዲያፍታታ ለምናዋለች። መጀመሪያ ላይ ይታገል ነበር፤ ኋላ ተወው። ጠዋት መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ አስቀምጣው ትወጣለች፣ ከሰዓት ስትመለስ እዚያው ታገኘዋለች። የዋለችበትን እያወራች ምሳ ታቀርባለች፤ ይስማት አይስማት አታውቅም። ጨርቅ ቢሆን የተጨማደደውን ማቃናት ታውቅበታለች። እሱ ፊት ስትቆም ግን እጇን የምታስቀምጥበት ይጠፋታል።

አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ከወዲያ በኩል «ድመት» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ወንድሟ በግራ እጁ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን የጎረቤት ቤት ጣሪያ እያሳየ ነው። ጣሪያው ላይ ምንም የለም። ለካ እዚያ እየወጣች ፀሐይ የምትሞቅ ባለቤቷ የማይታወቅ ድመት ነበረች፤ ከቀረች ሰንብታለች።

«ድመት… እዚህ» አለ፣ ጣቱን ከጣሪያው ወደ ጭኑ መልሶ።

በሁለት ዓመት ውስጥ አምጪልኝ ያላት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ያን ዕለት ከደስታ ብዛት ምሳው አልወርድ አላት።

ምድር ቤት የሚኖሩት አከራይዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ድመት እንድታስገባ ስትለምናቸው፣ ደረጃው ላይ ፀጉር ቢወድቅ፣ ግድግዳውም ቢቧጨር ዓይናቸው እንደማያይ እንዳይመስላት አስጠነቀቋትና በመጨረሻ ፈቀዱ። «አንድ ነው ያልኩሽ» አሉ። «ኋላ ሁለት ሊሆን የሚመጣ አንድ አይደለም። ነግሬሻለሁ።»

በዕረፍት ቀኗ፣ የልጇን ያረጀ የጉዞ ቅርጫት ይዛ የተጣሉ እንስሳት ወደሚሰበሰቡበት መጠለያ ሄደች። መጠለያው ድሮ መጋዘን የነበረ፣ የበረኪናና የሽንት ሽታ የተደባለቀበት ረጅም ቤት ነው። ጠባቂዋ ሹራቧ ፀጉር ብቻ የሆነ፣ ክንዷ በጭረት የተዥጎረጎረ ቀጭን ሴት ነበረች። ቤት ውስጥ ማን እንደሚውል፣ መስኮቱ መዘጋት አለመዘጋቱን፣ ድመቷ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት አንድ በአንድ እየጠየቀች በቅጽ ላይ ሞላች። ከዚያ በሽቦ በተከፋፈሉት ክፍሎች መሃል ይዛት ሄደች።

ካውያ የቆመችው አንዲት ግራጫ ድመት ዘንድ ነው። ግራጫዋ አንድ ጥቁር ድመት ላይ አገጯን ጥላ ተኝታለች። ጥቁሩ አንድ ዓይኑ የለም። ሁለቱም በገመድ ከታሰረ ካርቶን ውስጥ መንገድ ዳር ተጥለው ነው የተገኙት፤ ዓይኑን ያጠፋው ያኔ የያዘው በሽታ ነው። በማያይበት በኩል ሁልጊዜ እሷ ናት የምትተኛው፣ ሲበላም በዚያው በኩል ትቆምለታለች አለች ጠባቂዋ።

«አብረው ቢሄዱ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ቀጥላ። «ግን አላስገድድዎትም። ስልሳ ድመት ነው ያለኝ፤ አንድም ብትወጣልኝ ለሌላ ቦታ ይገኛል።»

ካውያ የአከራይዋን ቃል ነገረቻት። ጠባቂዋም «ብዙዎቹ ይለምዳሉ» አለች።

ካውያ ያኔ የሰማችው «ይለምዳሉ» የሚለውን ነው። «ብዙዎቹ» የሚለውን ያስታወሰችው ከቀናት በኋላ ነበር። ግራጫዋ ቅርጫቱ ውስጥ ስትገባ ጥቁሩ ብድግ ብሎ መጥቶ ግንባሩን ከሽቦው ጋር አጣበቀ እንጂ አልጮኸም። አለመጮኹን ካውያ በመልካም ወሰደችው።

ግራጫዋ ቤት እንደገባች ከቅርጫቱ ወጥታ በቀጥታ የወንድሟ አልጋ ሥር ገባች፤ ከግድግዳው ጥግም ትጣራ ጀመር። እንደ ተለመደው የድመት ልቅሶ አይደለም። አንዴ ትጣራና ዝም ትላለች፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆይታ ደግሞ ትጣራለች። ወንድሟ ወንበሩን አስዙሮ ያዳምጣት ነበር። ካውያ ጨዋታ ያመጣች መስሏት ስለ መጠለያው፣ ስለ ጠባቂዋ ሹራብ፣ ስለ አንድ ዓይናው ጥቁር እያሳሳቀች አወራችው። ሲስቅላት ስትጠብቅ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሁለት ነበሩ?»

«ሁለት ነበሩ።»

«አንዷን ብቻ?»

ስለ አከራይዋ ልትነግረው ጀመረች፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ድመቷ በመጀመሪያው ቀን አልበላችም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም አልበላችም። ዓሣ ተቀቀለላት፣ ሥጋ ተከተፈላት፣ ወተት ለብ አደረገችላት። አልጋው ሥር በሆዷ ተኝታ ሳህኑን ብትገፋላት ዓይኗን ትጨፍናለች። በአራተኛው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ሆዷን ዳስሶ፣ አፏን ከፍቶ አይቶ፣ ምንም በሽታ እንደሌለባት ነገራት። ፈሳሽ ምግብ በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ማንጠባጠብ አስተማራት፤ ሌላ የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም አላት። በማግሥቱ ካውያ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዋን አቃጠለች። የካውያው ቅርጽ ደረቱ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ። አጠገቧ የምትሠራው ልብስ አጣፊ ጋዋኑን ደብቃላት፣ «ምነው መልሰሻት ብትገላገዪ?» አለቻት። ካውያ ሌላ ጋዋን ሳበች። ብትመልሳት ወንድሟ አንድ ጊዜ የጠየቃትን ነገር ከእጁ ልትነጥቀው ነው፤ ብታስቀራት ድመቷ ዓይኗ እያየ ልትሞት ነው።

ያን ዕለት ዓይኗን በጨው አጥባ አከራይዋ ዘንድ ገባች። አከራይዋ ተከትለዋት ወጡ፤ በሩ ላይ ቆመው ያን ጥሪ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አዳመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት። «በይ ያንን አንዱንም አምጪው» አሉና ወረዱ።

በነጋታው ከሥራ ስትወጣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ መጠለያው በረረች። በዚያ የሽቦ ክፍል ውስጥ ሦስት ግልገል የምታጠባ እናት ድመት ተኝታለች። ጥቁሩን ትናንት ረፋድ ላይ አንድ አናጢ ከልጁ ጋር መጥቶ ወስዶታል። ልጅቷ ማንም የማይወስደውን ስጡኝ ብላ ነው የመረጠችው።

ካውያ እዚያው የምግብ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ጠባቂዋ አድራሻ መስጠት ክልክል መሆኑን ነግራት፣ የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለችና አገናኘቻት። ካውያ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስትነግረው አናጢው ሳያቋርጥ ሰማት።

«እትዬ፣ ልጄ ከአጠገቡ አልነሳም ብላለች» አላት። «እንዴት ብዬ ነው የምነጥቃት? ይልቅ ካልከፋዎት የእርስዎን ያምጡልን፤ አብረው ይደጉ።»

ይህን ይዛ ቤቷ ስትገባ ወንድሟን በግራ እጁ ሲሪንጁን ይዞ አገኘችው። ከወንበሩ እንዴት ብሎ ወርዶ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አታውቅም። ፈሳሹ ሸሚዙ ላይ ተደፍቷል፤ ድመቷ አልጋው ሥር፣ እጁ ከሚደርስበት ትንሽ ራቅ ብላ ታየዋለች። ካውያ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አናጢው ያለውን ነገረችው። ላንተ ነው ያመጣኋት፣ አይሆንም ካልክ ይቀራል አለችው።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ቃሉን እየፈለገ መሆኑን አውቃ ጠበቀችው።

«ትሂድ፣ እታለም» አለ። «ትሂድ።»

የአናጢው ቤት ከሥራ ቦታው ጋር የተያያዘ ነው፤ ፍቅፋቂ እንጨትና ማጣበቂያ ይሸታል። ልጅቷ ጥቁሩን አቅፋ ቆማለች። ካውያ ቅርጫቱን ከፈተች። ግራጫዋ አንገቷን አውጥታ፣ ስትጣራ የሰነበተችውን ያንኑ ጥሪ ተጣራች። ጥቁሩ ከልጅቷ እጅ ዘሎ ወረደ። ግራጫዋ በሩጫ ሄዳ፣ እንደ ልማዷ በማያይበት ጎኑ በኩል ገባች። ጥቁሩ አሸተታት። ከዚያ ጆሮውን አጥፎ፣ ጀርባውን አጉብጦ ፉ አለባት፤ በጥፍሩም ፊቷን መታት። እሷ አልሸሸችም፤ መሬት ላይ ልጥፍ አለች። ደግሞ መታት።

ጠባቂዋ በስልክ ያለችውን ሁሉ አደረጉ። የሐኪም ቤትና የማያውቀው ቤት ሽታ ይዛ ይሆናል ተብሎ ሁለቱን በአንድ ጨርቅ አሹ፤ በር ከልለው ለየብቻ አበሏቸው። አናጢው ትሰንብትና እንያት ስላለ ካውያ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ተመለሰች። ወንድሟ ስለ ድመቷ አንዴ እንኳ አልጠየቃትም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አናጢው ግራጫዋን በካርቶን ይዞ ቆሟል። አፍንጫዋ ተሰንጥቋል፣ ጆሮዋ ላይ ደም ደርቋል።

«ሞከርን እኮ፣ እትዬ» አለ። የራሱም እጅ በጭረት ተሞልቷል። «እሱን አልፈርድበትም። ብቻ ይገድላታል።»

ካውያ ግባ ማለት እንኳ ረሳች። እሱም በር ላይ ትንሽ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት፤ ለምን ይቅርታ እንደጠየቀ ሁለቱም አያውቁትም። ሄደ።

ግራጫዋ ያው አልጋ ሥር ገባች። እህትና ወንድም ጥሪዋን ጠበቁ። ምሽት ሆነ፣ አልተጣራችም። በማግሥቱም አልተጣራችም። ያ ድምፅ ስንት ቀን ሙሉ የካውያን አንጀት ሲበላው ሰንብቶ፣ አሁን ደግሞ ዝምታው ባሰባት። ሳህን እያጠበች ቧንቧውን ዘግታ ታዳምጣለች።

በአምስተኛው ቀን ግን ሳህኑ ተልሶ ተገኘ። ስትበላ ያያት የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲወጣ ትበላለች፣ ሰው ሲገባ ትደበቃለች። አፍንጫዋ ሽሯል። ካውያ ልትዳስሳት እጇን ስትዘረጋ ትሸሻታለች፤ ሥጋ ብትከትፍ፣ ብትለማመጥ፣ ከአጣፊዋ ልጆች አሻንጉሊት አይጥ ለምና ብታመጣ አንዱም አልሠራም። ወንድሟ ፊዚዮቴራፒ አልተመለሰም። አልመከረችውም፤ ምን ብላ ትምከረው።

አንድ ጠዋት ቁርሱን ይዛ ስትገባ ድመቷን አልጋው ላይ አየቻት። ቀኝ እግሩ ላይ አገጯን ጥላ ተኝታለች። ያ እግር ነፍስ ከተለየው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ክብደትም ሙቀትም አያውቅም። ወንድሟም ሳይደገፍ ቀና ማለት ስለማይችል ጣሪያውን እያየ ነው። አጠገቡ ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካውያ በሹክሹክታ ነገረችው።

ቀና አድርጊኝ አላላትም። ብትነካው ድመቷ እንደምትሸሽ ሁለቱም ያውቃሉ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ግራጫዋ የምታድረው እዚያ ነው። በግራ በኩል፣ እጁ በሚደርስበት፣ አንድም ቀን ተኝታ አታውቅም። ካውያ ልታዛውራት ሞክራ ተወችው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች፤ እሱም ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል ይጠይቃታል።

«እታለም… አለች?»

«አለች።»