እንደ ዓይን ብሌን የተጠበቀው ካርድ

ላራስ ያደገችው ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለችው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቋ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ከአንድ ላሚኔት ማድረጊያ በቀር ብዙ ዕቃ የላትም፤ ሥራ ግን አታጣም። ሲንዶሮ ተራራ ሥር ያለችው ይህች ከተማ ዝናብ ስለማይለያት፣ ሰዉ የሚሳሳለትን ወረቀት ሁሉ በፕላስቲክ ያሽጋል። የልደት ምስክር ወረቀት ይሁን፣ የሠርግ ፎቶ ይሁን፣ የክትባት ካርድ ይሁን፣ የላራስ አባት፣ ሰፈሩ በአክብሮት ‹ፓክ› የሚላቸው ቱኪራን፣ ያሽጉታል፤ ማዕዘኖቹንም በመቀስ ክብ አድርገው ይከረክሙታል። ልጃቸውን የኮምፒውተር ትምህርት ያስተማሩት ከዚህች ሱቅ ባገኙት ገቢ ነው። ላራስ ተመረቀችና መንገዱን ተሻግራ ሆስፒታሉ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠረች።

እዚያ ስትገባ ያገኘችው ጉድ ግን አስደነገጣት። ሠራተኛው ሁሉ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጥፎታል! አንድ ቀን ታዲያ የማዋለጃ ክፍል ነርስ የሆኑት፣ ሁሉም በአክብሮት ‹ቡ› የሚላቸው ሱሚየም፣ ያልሰጡትን መድኃኒት ሰጥተሻል ተብለው ተጠየቁ። ሌላ ሰው በእሳቸው ይለፍ ቃል ገብቶ መዝግቦ ነበር፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቡ ሱሚየም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ላራስ አየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ስማርት ካርድ ያላነጋገረችው ኃላፊ የለም።

ነገሩ በእርግጥም የሚያስደስት ነው። ካርዱ ላይ ያለችው ወርቃማ ቺፕ ራሷን የቻለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት። በሆዷ አንድ ምስጢር ይዛለች፤ ምስጢሩን ግን ለማንም አትናገርም። ኮምፒውተሩ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ያቀርብላታል፤ እሷም ምስጢሩን የያዘ ብቻ ሊመልሰው የሚችለውን መልስ ትሰጣለች። ጥያቄው ሁልጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ የትናንቱን መልስ የሰረቀ ሰው ዛሬ ምንም አይፈይድለትም። ባለቤቱ ካርዱን ይሰካል፣ የምስጢር ቁጥሩን ይመታል፣ ይገባል። ካርዱን ሲነቅል ስክሪኑ ራሱን ይቆልፋል።

በመጨረሻ ሲፈቀድላት፣ ላራስ በየክፍሉ እየዞረች ካርድ ማንበቢያውን ተከለች፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሆስፒታሉን ካርድ እንዲያምን አደረገች፤ ሰዓታቸውን ሁሉ ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር አስማማች። ሰዓቱ ከተዛነፈ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን መልስ እንኳ ያረጀ መስሎት ይጥለዋልና። ዓርብ ዕለት ሠራተኛውን ሰብስባ ካርዶቹን አደለች።

«አደራ!» አለች ፊቷ እያበራ። «ከሰኞ ጀምሮ ያለዚህ ካርድ መግባት የለም። እንዳይረጥብ፣ እንዳይፋቅ፣ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት!»

ሰኞ ጠዋት ላራስ ሰርቨሩ ያለበት ፎቅ ላይ ሳለች ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር።

«ምባክ ላራስ፣ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ካርድ አስገባ ይለኛል። አስገብቻለሁ እኮ!»

«የኔንም አላይም ብሏል። ኧረ በሽተኛው መቀመጫ አጣ!»

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዶክተር ሄንዳርቶ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ላራስ፣ የቀትር አዛን እስኪሰማ ጊዜ አለሽ። እስከዚያ ካልሠራ ወደ ይለፍ ቃላችን እንመለሳለን፤ ካርድ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳላይ።»

ላራስ ሰርቨሩን አየች፤ ደህና ነው። ሰዓቶቹን አየች፤ ተስማምተዋል። የራሷን ካርድ ሰካች፤ ወዲያው ከፈተላት። ግራ ገባት። በመጨረሻ፣ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ ወደ ታች ወረደች።

ለዛሬ ምዝገባ ክፍል የተመደቡት ቡ ሱሚየም ካርዳቸውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ ከማንበቢያው ጋር ግብግብ ገጥመዋል። ላራስ ተቀብላ ዳሰሰችው። ያዳልጣል፤ ወፈር ብሏል፤ ማዕዘኖቹ ክብ ሆነው ተከርክመዋል። ይህን አከራከም ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ቡ ሱሚየም፣ ይሄን ካርድ ምን አደረጉት?»

«ጠበቅሁት ነዋ! እንደ ዓይን ብሌን ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ሁላችንም አሳሽገናል። አባትሽ እኮ ‹የልጄ ሥራ ነው› ብለው ሳንቲም አልቀበልም አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እናትሽም እንዲህ ደግ ነበሩ።»

ላራስ ሳቋ አመለጣት። ሳቋን ሳትጨርስ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።

«ልጄ!» አሉ ፓክ ቱኪራን፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ። «ካርድሽን አሳመርኩልሽ አይደል? ሁለት ቀን ሙሉ ቀና አላልኩም።»

«አባዬ፣ ቺፗን አፍነዋታል!»

«ማንን?»

«ይቺን ወርቃማዋን። ማንበቢያው ውስጥ ጥቃቅን የብረት ጣቶች አሉ፤ ካልነኳት አይነጋገሩም። አሁን መሐላቸው ፕላስቲክ ገባ።»

የአባትየው ፊት ጠቆረ። «አበላሸሁብሽ?»

«ማሽኑን በጣም አግለውት ነበር?»

«ኧረ ዝቅ አድርጌ! ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ከጋለ እኮ ይጣመማል።»

«እንግዲያው ይላጣል ማለት ነው» አለች።

አባት ጠርዙን በመቀስ ቆረጡ፤ ልጅ በጥፍሯ ያዘችና ትንፋሿን ውጣ ሳበችው። ተላጠ! ቺፗ ላይ የቀረውን ማጣበቂያ በላጲስ ጠረገችው። ምዝገባ ክፍል ተመልሳ ካርዱን ስትሰካው አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ስክሪኑም የቡ ሱሚየምን ስም አወጣ።

ከዚያ በኋላ ሱቋ የበዓል ገበያ መሰለች። ነርሱ፣ ዶክተሩ፣ ፋርማሲስቱ ተራ በተራ እየተሻገረ ይሰለፋል። ሞተር ብስክሌት ጠባቂው ሰልፍ አስከባሪ ሆነ። ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥብስ የምትሸጠው ሴትም ምድጃዋን ወደ ሰልፉ አስጠጋች።

«ፓክ ቱኪራን፣ ማሸጉ ነፃ ነበር፤ መላጡስ?» አለ አንዱ።

«አንተንም ጨምሬ እንዳልልጥህ ዝም ብለህ ተሰለፍ!»

አዛኑ ሲሰማ ዶክተር ሄንዳርቶ ምዝገባ ክፍል ገቡ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ በሽተኛው ይስተናገዳል። ቡ ሱሚየም ካርዳቸውን ነቀል ሲያደርጉ ስክሪኑ ወዲያው ተቆለፈ።

«አዩት ዶክተር? ከእንግዲህ በስሜ መድኃኒት የሚሰጥ የለም» አሉ፤ ካርዱንም ደረታቸው ላይ ለጠፍ አደረጉት።

ዳይሬክተሩም፣ «ላራስ፣ የድሮውን ይለፍ ቃል ጨርሰሽ አጥፊው» አሉ። «እስቲ የኔንም ልሞክር።» ካርዳቸውን አውጥተው ሰኩ። አልገባም። ገፋ አደረጉት። ሁሉም ካርዱን አዩት፤ ማዕዘኑ ክብ ነበር።

«ዶክተር... እርስዎም?» አለች ላራስ።

«ባለቤቴ ናት እንዲታሸግ የላከችው» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፤ ቀጥ ብለውም መንገዱን ተሻገሩ። የምዝገባ ክፍሉ ሳቅ እስከ ሱቋ ድረስ ተከተላቸው።

በማግስቱ ፓክ ቱኪራን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ማስታወቂያ ሰቀሉ፦ «ቺፕ ያለው ካርድ አናሽግም።» ዝናብ እንዳያበላሸው አሽገውታል፤ ማዕዘኖቹም ክብ ናቸው።