ሜትር የዘረጋሁባት ወፍ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሸራ ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ ፎርማኑ ጋሼ ተሰማ፣ ስፌት መኪናው ላይ ሰዒድ፣ የተቀደደ የጀልባ ሸራ ተሸክሞ የገባው ደንበኛ ሬይ፣ እና እኔ። ካልጋሪ ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ።

ቤቱ ሁለት ጠረጴዛ ነበረው። ትልቁ ላይ የከባድ መኪና ሸራ ይቆረጣል፤ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ሜትር ማንበብ የቻለ ሁሉ ይሠራዋል። መስኮቱ ጋ ባለው ትንሹ ጠረጴዛ የጀልባ ሸራ ይቆረጣል። ነፋስ እንዲይዝ መሐሉ ላይ የሚነፋ ሆድ ሊኖረው ስለሚገባ ጋሼ ተሰማ ለማንም አያስነኩም ነበር። እኔ የፈለግሁት እሱን ጠረጴዛ ነው። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋስኩ ራንድል ሰፈር በነበረው ክፍሌ አሮጌ አንሶላ ላይ እለማመድ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ሬይ መጣና፣ "ጀልባዬ ያለው ሜክሲኮ ነው። ለአዲሱ ሸራ እዚያው መጥታችሁ ለኩልኝ፤ በዚያውም ሰው የማይኖርበት ደሴት አሳያችኋለሁ" አለ።

ጋሼ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም ትመጣለህ። ትንሹ ጠረጴዛ ይሆንልህ እንደሆነ እዚያ አያለሁ።"

ሰዒድ ከስፌቱ ቀና ሳይል፣ "ሰው የሌለበት አገር ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ? በፌብሩዋሪ ብርድ እዚሁ ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ውጡ። ማንም የለም፣ ደግሞ ፍሪ ነው" አለን።

ጋሼ ተሰማ ሃያ ዓመት የጀልባ ሸራ ሲሰፉ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም ኖሯል። ሜክሲኮ ደርሰን በሬይ ጀልባ ወደ ደሴቱ ስንሻገር፣ ግማሹን መንገድ የጀልባውን ጠርዝ ይዘው እንዳጎነበሱ ሄዱ።

ደሴቱ ቀይ ድንጋይና ቁልቋል ነው፤ የሚጠጣ ውኃ የለውም። ቋጥኙ ላይ የባሕር አንበሶች ተጋድመው እንደ ውሻ ይጮኻሉ። ሻላዎች ከላይ ተወርውረው ውኃው ውስጥ ይገባሉ። ሬይ፣ "ወፎቹን ከሩቅ እዩ" ብሎን ወደ ሌላኛው ዳርቻ ሄደ። ጋሼ ተሰማ ከጀልባው አልወረዱም።

እግሯ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ ወፍ አገኘሁ። ጎጆ የላትም። ባዶ መሬት ላይ ሁለት እንቁላል በእግሮቿ ሸፍና ቆማለች፤ ዙሪያዋን ኩሷ ነጭ ክብ ሠርቷል። ክቡ በኮምፓስ የተሠመረ ይመስላል። ስፋቱን ማወቅ ፈለግሁ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ቀበቶዬ ሄደና ሜትሩን ዘረጋሁ።

ወፏ ደንግጣ ሁለት እርምጃ ራቀች። ቁጥሩን ለማንበብ አጎነበስኩ። ቀና ስል፣ እግሩ ቢጫ የሆነ ትልቅ የባሕር ወፍ አንዱን እንቁላል በአፉ ይዞ እየበረረ ነበር። እናቲቱ ተመልሳ የቀረውን ሸፈነች።

ማንም አላየኝም። ብናገር ትንሹ ጠረጴዛ እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ። ምሳ ላይ ግን የሆነውን ለሁለቱም ነገርኳቸው።

"ስንት ወጣ?" አሉኝ ጋሼ ተሰማ።

"ምኑ?"

"የለካኸው ነዋ።"

"ስልሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር።"

"ለምን ሥራ ፈልገኸው ነው?"

ሬይ ሳህኑን አስቀምጦ፣ "ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እኔ ነኝ ያመጣኋችሁ" አለና ተነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጋሼ ተሰማ ሜትሬን ተቀበሉኝና አሮጌው ሸራ ሥር አስቀመጡኝ። "ነፋሱ ሲለዋወጥ ዝም ብለህ እይ።" ቀኑን ሙሉ አየሁ። ሲመሽ፣ ከምሰሶው በኩል ሦስተኛው ስፌት ከሁሉም በላይ እንደሚወጠርና የሸራው ሆድ ወደ ኋላ እንደሸሸ ነገርኳቸው።

"ልክ ነህ" አሉ። "ጠረጴዛውን ግን ዘንድሮ አልሰጥህም።"

የሰጡኝ ከዚያ ጉዞ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስከዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው፤ ልኬቱ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ሳላውቅ ሜትር አላወጣም።

ጋሼ ተሰማ፣ ይህን ካነበቡ የሳትኩትን ያርሙልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምሩልኝ። ደሴቱን በለቀቅንበት ጠዋት በሬይ የሩቅ ማያ መነጽር ወደ ወፏ ያዩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያኔ ለመጠየቅ አፍሬ ነበር። ቦታዋ ላይ ነበረች?