ቅቤ ያልገባበት ድስት

ባለፈው እሑድ ቡሬ ክርስትና ተጠርቼ ሄጄ፣ አሳላፊዋ ሳትጠይቀኝ የነጠረ ቅቤ በጭልፋ ሙሉ ወጤ ላይ ገለበጠችብኝ። የኮረሪማውና የበሶብላው ሽታ ፊቴን ሲመታኝ እጄን ሰበሰብሁ። «ምነው? ቅቤ ማንን ገደለ?» ብላ ሳቀች። የተቀመጡትም ሳቁ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ፍኖተ ሰላም፣ አስፋልቱ ዳር ካለች በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናዋ ስለማትነሳ እግሯ እያበጠ፣ ትንፋሿም እያጠረ መጣ። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፤ ደግማ ለካች። «ከመድኃኒቱ ጋር ቅቤና ጨው ይቀንሱ። ሰውነትዎንም ያንቀሳቅሱ። ግን ደስ የሚልዎትን ያድርጉ፤ ደስ ካላለዎት ይተዉታል» አለቻት።

እናቴን ደስ ያላት መራመድ ነበር። ከገበያ ሸራ ጫማ ገዛች። ጎህ ሲቀድ ቀሚሷን በመቀነት ከፍ አድርጋ ታስርና ወደ ላህ ወንዝ እንወርዳለን። ጭጋጉ ከበቆሎው ማሳ ላይ አልተነሳም፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸተናል። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጋ ትቀመጥ ነበር። በወሩ እየቀደመችኝ «ነይ እንጂ፣ አንቺ አሮጊት!» ትለኝ ጀመር። ስንመለስ በትንሽ ድስት ለሁለታችን ታበስላለች፤ ሽሮ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ ጎመን በጠብታ ዘይት፣ አንዳንዴም ቅቅል ድንች በሰናፍጭ። ስትሰፋ ታንጎራጉር ጀመር። ከዚያ በፊት ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ሰው ግን አልተወንም። መንገድ ላይ የክፍሌ ልጆች «እማማ ስፖርት!» እያሉ ይጮኹባት ነበር። እሷ እጇን ታውለበልብላቸዋለች። እኔ አፍሬ ወደ ኋላ እቀራለሁ።

የማኅበር ተራ ቤታችን የደረሰ ዕለት የአባቴ ታላቅ እኅት ከቡሬ መጣች። «መጡ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ለእንግዶቹ ዶሮው በቅቤ ተሠርቷል፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። አክስቴ ግን ጓዳ ገብታ ትንሿን ድስት አገኘች። ይዛት ወጣች፤ ሰው ሁሉ ፊት ክዳኗን ከፈተች።

«እዚህ ቤት ላሚቱ ሞታለች መሰለኝ» አለች፤ «ድስቱ ሐዘን ተቀምጧል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የማኅበሩ ቄስ እንኳ ንግግሯ ጥሟቸው ፈገግ አሉ። አክስቴ ቅቤውን አምጥታ በእናቴ ሽሮ ላይ አፈሰሰችው። «ብዪ! ባለትዳር ሴት በጠዋት መንገድ ለመንገድ ትሮጣለች መባሉ ቡሬ ድረስ ተሰምቷል። ወንድሜ አያበላትም ይበሉን?»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ዓይኑን ከመሶቡ ሳያነሳ «ለአንድ ቀን ብትበዪ ምን ትሆኛለሽ?» አለ።

በላች። እስከ መጨረሻው ጉርሻ በላች።

ማታውን አባቴ «መንገዱም ይቅርብሽ፤ ስሜን አታስነሺ» አላት። በነጋታው ጠዋት ግን እናቴ ቀስ ብላ ትከሻዬን ነካች። «አባትሽ ሳይነሳ ደርሰን እንምጣ» አለች። ነቅቻለሁ። ድምፅዋን ሰምቻለሁ። የእነዚያ ልጆች ሳቅ ትዝ ብሎኝ እንደተኛ ሰው ተነፈስሁ። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጫማዋን ስታወልቅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ አልቀሰቀሰችኝም፤ ብቻዋንም አልወጣችም።

በተከታዩ ክረምት፣ የተማሪ ልብስ እየሰፋች፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ በቀኝ ጎኗ ወደቀች።

አክስቴ ደረቷን እየደቃች መጣች። እናቴ የተኛችበት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ «ዓይን ነው! ምቀኛ ነው የበላት!» እያለች ስትጮኽ አላስቻለኝም።

«እርስዎ ነዎት!» አልኋት። «በቅቤዎ እርስዎ ነዎት!»

አባቴ በጥፊ መታኝ። ኋላ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ፈልጌ «ያ ቅቤ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኋት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «የአንድ ቀን ቅቤ ይህን አያደርግም። መራመዱን ባያቆሙ ነበር የሚሻላቸው» አለችኝ። ያ መልስ ከጥፊው ይልቅ አመመኝ። ካስቆሟት አንዷ እኔ ነበርሁ።

እናቴ ቀኝ ጎኗ ሳይታዘዝላት፣ ምላሷ ተሳስሮ ወደ ቤት ተመለሰች። ሦስት ዓመት ኖረች። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ቢላዋ ይዞ የማያውቀው አባቴ ሽንኩርት መክተፍ ተማረ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጦ፣ ያለ ቅቤ የሠራውን ሽሮ ሲያጎርሳት በበሩ አየሁ። አላመጠችና ፊቷን አጨማደደች። «ጨ... ው» አለች በጭንቅ።

«ነርሷ ከልክላለች» አለ አባቴ፤ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቱን ደፍቶ።

እናቴ በዚያ በተጣመመ አፏ ሳቀች። ያልሞተው ግራ እጇን አንሥታ፣ ጉንጩ ላይ የተለጠፈውን የሽንኩርት ልጣጭ ቀስ ብላ አነሳችለት።

በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም ጠላኋቸው። እሱን ስለዘገየ፣ እሷን እንደዚያ በቀላሉ ስለማረችው። ከዚያ ገብቼ ቦርሳዬን አስቀመጥሁና፣ አፏን የምጠርግበት ጨርቅ ፈለግሁ።